«አንቺ ላይብረሪያን አይደለሽም» ለተባለችው እህቴ

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ከአንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ አውጥቼዋለሁ።

«በአንድ ቤተ መጻሕፍት በረዳትነት መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ሰርኩሌሽን ላይ ነኝ። መጽሐፍ አውሳለሁ፣ የተመለሰውን እቀበላለሁ፣ መደርደሪያ አስተካክላለሁ። ሰው ሲጠይቀኝም እረዳለሁ። አንባቢዎች ‹ላይብረሪያኗ› ነው የሚሉኝ። ከስምንት ወር በፊት በማስተርስ የተመረቀች ልጅ አለቃ ሆና መጣችብን። በዕድሜ በጣም ታንሰኛለች። ቤቱን ዞሬ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ተማሪ ጥያቄ ጠይቆኝ እያገዝኩት ሳለ ከኋላዬ መጥታ ‹የሪፈረንስ ጥያቄ ከሆነ ወደ እኔ ላኪው። አንቺ እኮ ላይብረሪያን አይደለሽም› አለችኝ። ተማሪው ፊት! ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላምታችን እንኳ በግድ ነው። ሰሞኑን አንድ የመጽሔት ጥራዝ ጠፋባት፤ ስትፈልግ ዋለች። ጥገና ክፍል እንዳለ አውቃለሁ። አልነገርኳትም። 11 ዓመት ከአንድ ወረቀት ያንሳል? ልልቀቅ ወይስ ገብቼ ልማር?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ «ተማሪው ፊት» ያልሽው ላይ ቆምኩ። ለብቻ ቢነገረን የምንችለውን ነገር ሰው ፊት ሲነገረን አንችለውም። ያውም ልንረዳው የቆምን ሰው ፊት። ልጁ በማግስቱ ረስቶት ይሆናል። አንቺ ግን ይኸው ወር ሙሉ ይዘሽው ትዞሪያለሽ። አለቃሽ ያለችው ነገር እውነት ቢሆን እንኳ አነጋገሯ ስህተት ነው። ይህን አስቀድሜ ልበልልሽ፤ ቀጥሎ የምለው ሁሉ ደስ ላይልሽ ይችላልና።

እኔ ሁለቱንም ቦታ አውቀዋለሁ። ወጣት ሳለሁ ጋሪ እየገፋሁ መጽሐፍ ወደ ቦታው እመልስ ነበር። የሪፈረንስ ዴስኩ፣ አንባቢ መረጃ ሲፈልግ ባለሙያ የሚጠይቅበት ጠረጴዛ፣ ከመደርደሪያዬ ፊት ለፊት ነው። ባለሙያው ለምሳ ሲወጡ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ሰው መጥቶ ይቆምና ዓይኑ እኔ ላይ ያርፋል። የሚፈልገው መጽሐፍ ጋሪዬ ላይ ያለበት ቀን ነበር። ግን «ባለሙያው እስኪመለሱ ይጠብቁ» በይ ተብያለሁ፤ እንደዚያው እላለሁ። አርባ ደቂቃ ቆማ የጠበቀች አንዲት እናት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አትጠፋም። ከዓመታት በኋላ ተማርኩና እኔም ያ ዓይነት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን አንዲት ረዳት ለአንባቢ መልስ ስትሰጥ ሰምቼ መሃል ገብቼ አቋረጥኳት። መልሷ ትክክል ነበር። ያቋረጥኳት ስለፈራሁ ነው። ምን እንደፈራሁ እመለስበታለሁ፤ አለቃሽም የፈራችው እሱኑ ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ ጥያቄሽን ልያዝ። 11 ዓመት ከአንድ ወረቀት ያንሳል ወይ ብለሻል። እኔ ሚዛን ላይ አላስቀምጣቸውም፤ የሚያስተምሩት ነገር የተለያየ ነው።

አንድ ሰው መጥቶ «ስለ ኩላሊት መጽሐፍ አላችሁ?» አለ እንበል። አንቺ መደርደሪያውን በቃልሽ ታውቂዋለሽ። መጻሕፍትን በየርዕሰ ጉዳያቸው ቁጥር በሚሰጠው በዲዊ አመዳደብ የኩላሊት በሽታ 616.61 ነው። ሰውየውን ይዘሽ ሄደሽ መጽሐፉን አውርደሽ ትሰጪዋለሽ። በሪፈረንስ የሠለጠነ ሰው ግን ከመነሳቱ በፊት ቆም ይላል። «ለምን ፈለጉት?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሰው ይሸማቀቃል። «ስለ ኩላሊት ምን ምን ቢያገኙ ይጠቅምዎታል?» ይላል። ሰውየው ትንሽ ያመነታና «የሚበላውንና የማይበላውን» ይላል። ጥቂት ሲቆይ እናቱ ዲያሊሲስ መጀመራቸውን ይናገራል። ያኔ ያ ወፍራም የሕክምና መማሪያ ምንም አይረዳውም። የሚረዳው ለሕመምተኛ ቤተሰብ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ፣ በቅርብ ዓመት የወጣ፣ ማን እንዳዘጋጀው የሚታወቅ ነገር ነው። አንባቢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ብዙ ጊዜ እውነተኛው ጥያቄው አይደለም። ያንን ፈልፍሎ ማውጣት፣ ምንጭን መመዘን፣ የሐኪምን ቦታ ሳይወስዱ መረጃ ብቻ መስጠት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አለቃሽ ይህን ተምራ መጥታለች። አንቺ በልምድ ደርሰሽበት ይሆናል፤ ላትደርሺበትም ትችያለሽ። እስቲ ባለፈው ሳምንት ያስተናገድሻቸውን ሰዎች አስቢ። ስንቱን «ምን ምን ቢያገኙ?» ብለሽ ጠየቅሽ? ስንቱን ዝም ብለሽ ወደ መደርደሪያው ወሰድሽ? መልሱን ለራስሽ ብቻ ያዢው።

የአንቺን እውቀት ደግሞ እንይ። ስለ ልብ ሕመም የሚፈለግ መጽሐፍ 616.12 ላይ ይታጣል። ሲስተሙ «መደርደሪያ ላይ አለ» ይላል። አዲስ ሰው እዚያው ቦታ ሦስቴ ያያል፤ ከዚያ «ጠፍቷል» ብሎ ይመዘግባል። አንቺ ግን ቁጥር የሚገለባበጥበትን ልማድ ስለምታውቂ ቀጥ ብለሽ 616.21 ጋ ትሄጃለሽ። መጽሐፉ ከአፍንጫና ከጉሮሮ በሽታዎች መሃል ተሸጉጦ ይገኛል። እዚያ ከሌለ ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቋል፤ ወይም መመለሻ ጋሪው ላይ ነው፤ ወይም ጥገና ክፍል። ይህንን የሚያስተምር ማስተርስ የለም። የትኛው አንባቢ መጠየቅ እንደሚያፍር፣ የትኛው መደርደሪያ ሁሌ እንደሚመሰቃቀል፣ ፈተና ሲደርስ ምን ምን እንደሚያልቅ በእጅሽ ታውቂዋለሽ። ይህ እውቀት ነው። አለቃሽ ስምንት ወር የቆመችውም በዚህ እውቀት ላይ ነው።

ታዲያ «ላይብረሪያን» የሚለው ስም ለምን ይህን ያህል ያጋጫል? ጀርባውን ማወቁ ለእኔ ልቤን አሳርፎልኛልና ላካፍልሽ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድሮ ይህን ሥራ ሰው የሚማረው ሥራው ላይ ነበር። በ1876 የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሲመሠረት ሜልቪል ዲዊ፣ ላይብረሪያን ሥራዬ ሙያ ነው ብሎ የሚናገርበት ጊዜ መጣ ብሎ ጻፈ። በ1887 ኮሎምቢያ ኮሌጅ ውስጥ የመጀመሪያውን የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ቤት ከፈተ። አሁን ይህን ልብ በይ፦ ዲዊ በቁጥር የመመደቡን ሐሳብ ያፈለቀው በ1873፣ ገና ተማሪ ሆኖ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት በረዳትነት ሲሠራ ነው። ቀኑን ሙሉ በየመጽሐፉ ጀርባ የምታነቢው ቁጥር ከአንድ ረዳት ጭንቅላት የወጣ ነው።

በ1923 ቻርልስ ዊሊያምሰን የሚባል ሰው ካርኔጊ ኮርፖሬሽን ለሚባል የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ሪፖርት አቀረበ። ቤተ መጻሕፍት የጽሕፈት ሥራንና የባለሙያ ሥራን እየደበላለቀ ስለሆነ ሁለቱ ይለዩ፤ ለባለሙያው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያስፈልጋል አለ። ዛሬ በአንቺና በአለቃሽ መሃል ያለው መስመር በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ የተሰመረ ነው። ግን መስመሩ ባለበት ቆሞ አያውቅም። ካታሎግ ማድረግ፣ ማለትም የእያንዳንዱን መጽሐፍ መረጃ መዝግቦ መመደብ፣ የባለሙያ ዋና ሥራ ነበር። በ1960ዎቹ ሄንሪየት አቭራም የመጽሐፍ መረጃ በኮምፒውተር የሚያዝበትን ማርክ የተባለ ቅርጽ በአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አዘጋጀች። እሷ ራሷ የመጣችው ከፕሮግራመርነት እንጂ ከቤተ መጻሕፍት ትምህርት አልነበረም። በ1971 ኦሲኤልሲ የሚባለው የቤተ መጻሕፍት የትብብር ድርጅት በኮምፒውተር መረብ የጋራ ካታሎግ ጀመረ። ከዚያ በኋላ አንዱ ቤት የሠራውን ሌላው ቀድቶ መጠቀም ቻለ። የመቅዳቱና የማስተካከሉ ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ረዳቶች ተሸጋገረ። ትናንት «ይህን ባለሙያ ብቻ ይንካው» የተባለው ዛሬ የረዳት የዕለት ሥራ ነው። ደመወዙ ግን አብሮ የተሸጋገረበት ቤት ብዙ አላየሁም። ይህ ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። በ1939 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ገጣሚውን አርችባልድ ማክሊሽን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እንዲሆን ሲያጩት የቤተ መጻሕፍት ማኅበሩ በሙያው አልሠለጠነም ብሎ ተቃወመ። ሹመቱ ግን ጸደቀ። ባለሙያዎች ያንን ስሜት እስከ ዛሬ ይዘውት ይኖራሉ። «ይህን ሥራ ማንም ይሠራዋል» የሚባልበት ቀን ይመጣል ብለው ይሰጋሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። በጀት ሲጠብ አስተዳደር መጀመሪያ የሚያየው የባለሙያውን ደመወዝ ነው። «ረዳቷ እየመለሰች አይደል እንዴ? በግማሽ ደመወዝ እየተሠራ ለምን ሌላ እንቀጥራለን?» ይባላል። እኔ ያቺን ረዳት ያቋረጥኳት ይህን ፈርቼ ነው። ያንን ለማንም አልነገርኩም፤ ለእሷ ግን ኩራት መስሎ ታያት። አለቃሽም እንደዚያው ሆና ይሆናል። ደግሞ ስምንት ወሯ ነው። በዕድሜ የምትበልጣትን፣ ቤቱን በእጇ የምታውቅ ሴት እንድታዝዝ ተደርጋለች። ያስፈራል። ይህን የምልሽ እንድታዝኚላት ብዬ አይደለም፤ ስትነጋገሩ እንዲረዳሽ ነው።

ያንቺንም ጎን በዚያው ዓይን እይው። 11 ዓመት ሪፈረንስ ስትመልሺ የሥራ ዝርዝርሽ ላይ ተጽፏል? ተከፍሎሻል? አይመስለኝም። የማይጻፍ ሥራ ሁለታችሁንም ይጎዳል። አንቺ የማይከፈልሽን ትሠሪያለሽ፤ እሷ ደግሞ «አንቺ ባትኖሪም ይሠራል» የሚባልባት ትሆናለች። ስለዚህ ጠቡን ከስሙ ላይ አንሺው። «ላይብረሪያን ነኝ፣ አይደለሽም» ብትባባሉ አታሸንፊም። በብዙ ቦታ ስሙ ከትምህርት ደረጃ ጋር የተያያዘ ነው፤ በወረቀት እሷ ትክክል ናት። «የምሠራው ሥራ ይጻፍ፤ እንደ ተጻፈውም ደረጃ ይሰጠው» ካልሽ ግን ማንም «አይሆንም» ለማለት ይቸገራል።

እንዴት? ደብተር ያዢ። አራት ሳምንት፣ ሥራ የሚበዛበትንም የሚቀዘቅዝበትንም ሳምንት ጨምረሽ። አንባቢ በጠየቀሽ ቁጥር ሰዓቱን፣ የተጠየቅሽውን፣ ያደረግሽውንና የፈጀብሽን ደቂቃ ጻፊ። የጠያቂውን ስም ግን እንዳትጽፊ፤ ሰው ምን እንደሚያነብ ምስጢሩ ነው። በአራተኛው ሳምንት ደብተሩን ለያይው። «መጸዳጃው የት ነው? ፕሪንተሩ እምቢ አለኝ» የሚሉት አንድ ወገን። «ይህ መጽሐፍ አለ?» የሚሉት ሌላ ወገን። «ስለዚህ ጉዳይ ልጽፍ ነው፤ ከየት ልጀምር?» የሚሉት ሦስተኛ። ሦስተኛው ጥቂት ከሆነ የተከራከራችሁበት ነገር ካሰብሽው ያነሰ ነው። ብዙ ከሆነ ደግሞ እጅሽ ላይ ማስረጃ አለ። «11 ዓመት ሠርቻለሁ» ስትይ ሰሚው ያዝንልሻል። «በአራት ሳምንት ይህን ያህል የሪፈረንስ ጥያቄ መልሻለሁ፤ ይህን ያህል ሰዓት ወስዷል» ስትይ ግን እስክሪብቶ ያነሳል።

ደብተሩን ሞልተሽ እስክትጨርሺ ግን አለቃሽን በዝምታ አትቆዪ። ይህን ሳምንት ለብቻዋ አነጋግሪያት። አንባቢ በሌለበት ሰዓት፣ በር ተዘግቶ። ስትጀምሪ የስድቡን ነገር አታስቀድሚ፤ አትደብቂውም ግን። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ባለፈው ተማሪው ፊት የተናገርሽኝ በጣም ከብዶኝ ሰንብቷል። ማስተካከያ ካለሽ እቀበላለሁ፤ ለብቻዬ ንገሪኝ።» እዚህ ላይ ዝም በይ። እሷ የምትለውን ሳትሰሚ አትቀጥይ። ከዚያ ወደ ሥራው ግቢ፦ «የትኛው ጥያቄ ወደ አንቺ ይምጣ? የትኛውን እኔ ልጨርስ? አንቺ ከሌለሽስ?» በሉና ተስማሙበት። ለምሳሌ ሕክምናና ሕግ የሚነካ፣ ወይም ከአምስት ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ጥያቄ ወደ ሪፈረንስ ይሂድ ልትሉ ትችላላችሁ። ምንም ይሁን ምን በግማሽ ገጽ ይጻፍ። ሁለታችሁም እዚያው ላይ ትቆማላችሁ። በተለይ «አንቺ ከሌለሽስ?» የሚለው እንዳይቀር። እኔ ያስጠበቅኳት ያቺ እናት አርባ ደቂቃ የቆመችው ለዚህ ጥያቄ መልስ የጻፈ ሰው ስላልነበረ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለምኛት። ሪፈረንስ ላይ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጠሽ እንድታዪ። በሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃል። በልብሽ «እኔ ከእሷ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ቤቱን ዞረሽ ስታሳዪያት እሷም ከአንቺ ተምራለች፤ ያኔ አላፈረችም። «ብድሬን መልሺልኝ» ማለት ክብር እንጂ ውርደት አይደለም።

ደብተሩ ሲያልቅ የሥራ ዝርዝርሽን፣ ጆብ ዲስክሪፕሽን የሚሉትን፣ አውጥተሽ ጎን ለጎን አስቀምጪው። ያልተጻፈውን አስምሪበት። ከተቻለ ከእሷ ጋር ሆናችሁ ወደ ሰው ሀብት ውሰዱት። «ሥራዬ ከደረጃዬ በላይ ሆኗል፤ ይመዘንልኝ» በይ። እሷ ከፈረመችበት ክብደቱ ሌላ ነው። የአሜሪካው ማኅበር በ1970 ባወጣው ፖሊሲ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛን በአምስት ደረጃ አስቀምጦ ነበር። ሁለቱ የባለሙያ፣ ሦስቱ የድጋፍ ሰጪ ናቸው። ከጸሐፊነት ወደ ቴክኒክ ረዳት፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛ ረዳት የሚወጣ መንገድ በዚያ በኩልም አለ ማለት ነው። በ2010 ደግሞ ለድጋፍ ሰጪዎች ራሱን የቻለ የሙያ ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ጀመሩ። «ወይ ማስተርስ ወይ ምንም» የሚለው ብቸኛው መንገድ አይደለም። የአንቺ መሥሪያ ቤት እንዲህ ዓይነት ደረጃ ከሌለው እንዲኖረው ጠይቂ፤ ጠያቂ ሳይኖር የተፈጠረ ደረጃ የለም።

እምቢ ካሉሽ? ያኔ ከደረጃሽ በላይ ያለውን ሥራ በጨዋ ደንብ ትመልሺላቸዋለሽ። ጥያቄውን ወደ ሪፈረንስ ትመሪያለሽ፤ አንባቢውን በፈገግታ ይዘሽ ዴስኩ ድረስ ታደርሺያለሽ። ይህ ኩርፊያ አይደለም። ያልተከፈለበት ሥራ ምን ያህል እንደነበር የሚታየው ሲቆም ነው።

መልቀቅን አልመክርሽም፤ ቢያንስ በዚህ ንዴት ውስጥ ሆነሽ። አሁን ብትሄጂ የምትደርሺበት ቤትም ያው መስመር አለ፤ 11 ዓመት ያካበትሽውን እውቀት ግን እዚህ ጥለሽው ትሄጃለሽ።

መማርን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። አለቃሽ ነገ ተዛውራ ብትሄድ መማር ትፈልጊያለሽ? «አዎ» ካልሽ ተማሪ፤ ሳትውዪ ሳታድሪ። የትኞቹ መጻሕፍት ይገዙ ብሎ መወሰን፣ ማንም ያልመዘገበውን መጽሐፍ ከባዶ ካታሎግ ማድረግ፣ በጀት ይዞ መሟገት የሚስብሽ ከሆነ በሩ እዚያ ነው። ሥራ ሳይለቁ የሚማሩበት መንገድ ካለ እሱን ምረጪ፤ መሥሪያ ቤትሽ ክፍያ ይጋራ እንደሆነ ጠይቂ። «አልፈልግም፤ እኔ የምወደው ዴስኩን ነው» ካልሽ ግን እሷን ለማሳፈር ብለሽ ዓመታትሽንና ገንዘብሽን አትክፈይ። እልህ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ያልቃል።

አንባቢዎቹ «ላይብረሪያኗ» ሲሉሽ ማረም የለብሽም። እነሱ የሚጠሩት ደረጃሽን አይደለም፤ የረዳቻቸውን ሴት ነው። ራስሽ በምትፈርሚበትና ደረትሽ ላይ በምትሰቅይው ባጅ ላይ ግን የተሰጠሽን የሥራ መጠሪያ ጻፊ። ነገ ደረጃ ስትጠይቂ ማንም በዚያ እንዳይዝሽ።

አሁን የመጨረሻው፣ ለእኔም ለመናገር የከበደኝ። ጥራዙ የት እንዳለ እያወቅሽ ዝም ያልሽበት ቀን ለእሷ ብቻ አልነበረም የጠፋው። ያንን ጥራዝ የጠየቀ አንባቢ ነበር። ስሙን አናውቅም፤ ምናልባት በማግስቱ ማስረከብ ያለበት ጽሑፍ ነበረው፤ ምናልባትም ያው ተማሪ ራሱ ነው። ባዶ እጁን ሄዷል። 11 ዓመት ሰው ባዶ እጁን እንዳይሄድ ስትለፊ የኖርሽ ሴት ነሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ አንቺንም ሌሊት የሚያነቃሽ እሱ ይመስለኛል፤ ባይሆን አትጽፊልኝም ነበር።

ጥራዙ አሁንም ጥገና ክፍል ካለ ነገ ጠዋት፣ በሩ ሳይከፈት፣ አውጥተሽ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጪላት። ማን እንደጠየቀው ጠይቂያትና ለአንባቢው ራስሽ ደውዪለት። ከእሷ ጋር የምትነጋገሩትን ከሰዓት በኋላ ታደርሱታላችሁ።